የጂኦስፓሻል ካርታ ሥራ ሥልጠና ለግብርናና ለተፈጥሮ ሀብት አያያዝ

የጂኦስፓሻል ካርታ ሥራ ሥልጠና በግብርናና በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ዘርፍ ለሚሠሩ ባለሙያዎች፣ ለልማት ሠራተኞችና ለተማሪዎች የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሠልጣኞቹ ቦታ ነክ መረጃን መሰብሰብ፣ በካርታ ላይ ማስፈር፣ መተንተንና ከመሬቱ ጋር አመሳክሮ ማረጋገጥ ይማራሉ። ትምህርቱ በዋናነት ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፤ እነዚህም የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት ወይም ጂአይኤስ፣ ከሳተላይትና ከአውሮፕላን የሚገኝ ምስልን የማንበብ ሙያ (ሪሞት ሴንሲንግ) እና በጂፒኤስ የሚደረግ የመስክ ልኬት ናቸው። በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ለተፋሰስ ልማት፣ ለገጠር መሬት ምዝገባ፣ ለአፈር ጥናት፣ ለደን ጥበቃና ለሰብል ግምት ያገለግላል።

የሶፍትዌሩን ቁልፎች መጫን በጥቂት ቀናት ይለመዳል። ጊዜ የሚወስደው ካርታው የሚናገረው ነገር እውነት መሆኑን የመመርመር ልማድ ነው። በእጅ የተሠራ መጥፎ ካርታ መጥፎነቱ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ኮምፒዩተር ያወጣው የተሳሳተ ካርታ ግን ከትክክለኛው እኩል ያማረ ቀለም፣ የሰሜን ቀስትና መግለጫ ይዞ ይታተማል። በዚያ ካርታ ላይ የአንድ ገበሬ ማሳ «ለእርሻ የማይሆን ዳገት» ተብሎ ቢመደብ ወይም የአንድ ቀበሌ የግጦሽ መሬት «ባዶ» ተብሎ ቢሰፍር ጉዳቱ የሚደርሰው ካርታውን ፈጽሞ ባላየ ሰው ላይ ነው።

መሠረታዊ አሳቦች

በጂአይኤስ ውስጥ ማንኛውም የመሬት ላይ ነገር በሁለት መንገድ ይወከላል። አንደኛው ቬክተር ሲሆን ነገሮችን በነጥብ፣ በመስመር ወይም በፖሊጎን ያሳያል። የውኃ ጉድጓድ ነጥብ፣ መንገድና ወንዝ መስመር፣ ማሳና የቀበሌ ወሰን ደግሞ ፖሊጎን ይሆናሉ። ሁለተኛው ራስተር ነው፤ መሬቱን እንደ ዳማ ገበታ በእኩል አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ቁጥር ይሰጣል። እነዚህ አራት ማዕዘኖች ፒክስል ይባላሉ። የሳተላይት ምስልና የከፍታ መረጃ የሚመጡት በራስተር መልክ ነው። የተለያዩ መረጃዎች እንደ መስታወት ንብርብር አንዱ በሌላው ላይ ይነጠፋሉ። ለምሳሌ የአፈር ዓይነት፣ የዳገት መጠንና የመሬት አጠቃቀም ንብርብሮች ሲደራረቡ የትኛው ቦታ እርከን እንደሚያስፈልገው መለየት ይቻላል።

የካርታ መስፈርት በትምህርት ቤት የሚታወቅ ነገር ቢሆንም በሥልጠና ላይ እንደገና መነሣቱ ተገቢ ነው። በ1:50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ስለዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ መስመር 25 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ይሸፍናል። በኮምፒዩተር ላይ ማንኛውንም ካርታ እስከፈለጉ ማጉላት ስለሚቻል ይህ ይረሳል። ከ1:50,000 ካርታ የተቀዳ ወሰን ሺህ ጊዜ ቢጎላ ትክክለኛነቱ አይጨምርም፤ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለ የድንበር ክርክር ለመፍታትም አይበቃም።

አጭር ታሪክ

በኢትዮጵያ መንግሥታዊ የካርታ ሥራ ተቋም የተቋቋመው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ነው። ተቋሙ ስሙንና አደረጃጀቱን ደጋግሞ ከለወጠ በኋላ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃልሏል። የ1:50,000 ካርታዎቹ ለብዙ ዓመታት የግብርና ዕቅድ መነሻ ነበሩ። የሙያው ከፍተኛ ትምህርት ለረጅም ጊዜ በውጭ አገር ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በኔዘርላንድስ የተመሠረተው አይቲሲ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በናይሮቢ የተቋቋመው ክልላዊ ማዕከልም ለምሥራቅና ለደቡብ አፍሪካ አገሮች አጫጭር ሥልጠናዎችን ይሰጣል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በሐረማያና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም በወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ትምህርቱ ይሰጣል።

ሙያውን ከጥቂት ቢሮዎች አውጥቶ ወደ ወረዳ ያደረሱት የዋጋ ለውጦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል ጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት አቆመ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ መሬትን ሲያነሣ የቆየው የላንድሳት ምስል ክምችት በ2008 በነፃ እንዲሰጥ ተወሰነ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች 10 ሜትር ፒክስል ያለው ምስል ያለ ክፍያ ማቅረብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ መግዛት ለማይችል መሥሪያ ቤት መፍትሔ ሆነ። ኢትዮጵያም የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይና አምጥቃለች።

ኮኦርዲኔትና ዳተም

በኢትዮጵያ ለሚሰጥ ሥልጠና ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። በመስክ የሚፈጠሩ ትልልቅ ስሕተቶች በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫሉ።

አንድ ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ ወይም በሜትር ሊገለጽ ይችላል። በዲግሪ ሲጻፍ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ደቂቃን ከአስርዮሽ ጋር ማምታታት ነው። 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት 9.5 ዲግሪ እንጂ 9.30 አይደለም፤ አንድ ሠልጣኝ 9.30 ብሎ ቢያስገባ ነጥቡ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይሸሻል። ሁለተኛው ኬክሮስንና ኬንትሮስን ማቀያየር ነው። የአዲስ አበባ ኬክሮስ 9 ገደማ፣ ኬንትሮሷ ደግሞ 38.75 ገደማ ነው፤ ሁለቱ ቢገለባበጡ ከተማዋ ከሰርዲንያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትገባለች። እንዲህ ያለው ስሕተት ግዙፍ ስለሆነ ወዲያው ይታያል፤ አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው። እርሱም የአስርዮሽ አኃዞችን ማሳጠር ነው። 9.0 ብሎ የተመዘገበ ቁጥር እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሳሳት ይችላል፤ አምስት አኃዝ ያለው ግን ወደ 1 ሜትር ይጠጋል።

ለግብርና ሥራ ስፋትና ርቀት በሜትር መለካት ስላለባቸው ዩቲኤም የተባለው ሥርዓት ይመረጣል። ዩቲኤም ምድርን እያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ በሆኑ 60 ዞኖች ይከፍላል። ኢትዮጵያ በ36፣ በ37 እና በ38 ዞኖች ላይ ትዘረጋለች፤ የዞኖቹ ድንበሮች 36ኛውና 42ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ናቸው። ጋምቤላ በዞን 36፣ አዲስ አበባ በዞን 37 ይገኛሉ። ድሬዳዋና ሐረር ጎረቤታም ከተሞች ቢሆኑም ድሬዳዋ ከ42ኛው ዲግሪ በስተምዕራብ በዞን 37፣ ሐረር ደግሞ በስተምሥራቅ በዞን 38 ናት። በዚህም ምክንያት የድሬዳዋ የምሥራቅ ቁጥር ከ800,000 ሜትር በላይ፣ የሐረር ግን ከ200,000 በታች ይሆናል። ዞኑን ሳይጠቅስ ቁጥሩን ብቻ በደብተር ጽፎ የተመለሰ መረጃ ሰብሳቢ የሁለቱን ከተሞች ገበሬዎች በአንድ ሠንጠረዥ ቢያስገባ ግማሾቹ ማሳዎች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ይወድቃሉ።

ይበልጥ ስውር የሆነው የዳተም ጉዳይ ነው። ዳተም የምድርን ቅርጽ በሒሳብ ወክሎ ኮኦርዲኔት ከየት እንደሚጀመር የሚወስን መነሻ ነው። የኢትዮጵያ ነባር የ1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው ዳተም ነው፤ ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ነጥብ ነው። ጂፒኤስና ስልኮች ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ ዳተም ይሠራሉ። አንድን ቦታ በሁለቱ ዳተሞች በዩቲኤም ቢለኩት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ቁጥሮቹ በሰሜን አቅጣጫ በ200 ሜትር፣ በምሥራቅ አቅጣጫ በ95 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ሁለቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፤ የሚሳሳተው ሁለቱን ሳይለውጥ ያቀላቀለው ሰው ነው።

200 ሜትር በአገር ካርታ ላይ ምንም አይደለም። በአንድ ንዑስ ተፋሰስ ውስጥ ግን ከሸንተረሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ልዩነት ያህላል። ከነባሩ ካርታ የተቀዳ የደን ወሰን ሳይቀየር በስልክ ጂፒኤስ በተለካ የማሳ ወሰን ላይ ቢነጠፍ ከደኑ ውጭ ለዘመናት ሲታረስ የኖረ ማሳ «የደን ወረራ» መስሎ ይታያል። ጥሩ አሠልጣኝ ይህን በንግግር ከማስረዳት ይልቅ ሠልጣኞቹ አንድ የታወቀ ድልድይ ወይም የመንገድ መስቀለኛ በነባሩ ካርታ ላይ እንዲያነቡ፣ ከዚያም ቦታው ላይ ቆመው በጂፒኤስ እንዲለኩና ልዩነቱን ራሳቸው እንዲያገኙት ያደርጋል። በኪውጂአይኤስ ውስጥ ሥርዓቶቹ የሚለዩት በኮድ ነው፤ ለዞን 37 ሰሜን በደብሊውጂኤስ 84 ኮዱ 32637፣ በአዲንዳን 20137 ነው።

የዳገት ካርታ

የዳገት መጠን በኢትዮጵያ የሕግ ውጤት አለው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውልና ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንዲውል ደነገገ። ከ30 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚፈቀደው ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራ ብቻ እንዲሆንም አደረገ። ስለዚህ የዳገት ካርታ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው በገበሬ ይዞታ ላይ አስተያየት እየሰጠ ነው።

ሕጉ የሚናገረው በመቶኛ ሲሆን ብዙ ሶፍትዌሮች ካልታዘዙ በስተቀር ዳገትን የሚያሰሉት በዲግሪ ነው። 60 በመቶ ማለት በአግድም 100 ሜትር ሲኬድ 60 ሜትር ከፍ ማለት ነው፤ ይህም 31 ዲግሪ ገደማ ነው። 60 ዲግሪ ግን 173 በመቶ ስለሚሆን ገደል ነው ማለት ይቻላል። በዲግሪ የወጣን ካርታ እንደ መቶኛ ያነበበ ሠልጣኝ ሊከለል የሚገባውን ቀጥ ያለ ዳገት ሁሉ ለእርሻ ምቹ አድርጎ ይመድበዋል።

ሌላው ችግር የከፍታው መረጃ ራሱ ነው። በነፃ የሚገኘውና በብዛት የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር የተሰበሰበው የኤስአርቲኤም መረጃ 30 ሜትር ፒክስል አለው። በአንድ ፒክስል ውስጥ እርከንም፣ ትንሽ ገደልም፣ ሜዳማ ቁራጭም ቢኖር አንድ የከፍታ ቁጥር ብቻ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ተራራማ ቦታ ከእውነቱ የለሰለሰ መስሎ ይታያል። ማስተካከያው ሠልጣኞች ገመድ፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት እንጨቶችና የውኃ ልክ ይዘው ዳገቱን በራሳቸው እንዲለኩት ማድረግ ነው። በ5 ሜትር ገመድ ላይ የከፍታው ልዩነት 1.5 ሜትር ከሆነ ዳገቱ 30 በመቶ ነው። የልማት ሠራተኞች እርከን ለመቀየስ ይህን መሣሪያ አስቀድመው ስለሚያውቁት ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያስታርቃቸው ድልድይ ይሆናል።

ተፋሰስን መለየት

የተፋሰስ ልማት በኢትዮጵያ የተፈጥሮ ሀብት ሥራ ዋና አሃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኅብረተሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ያለውን መጠን ለአንድ ማኅበረሰብ የሚመች አድርጎ ወስዷል። ተፋሰስን መለየት ማለት አንድ መውጫ ነጥብ መርጦ ወደዚያ ነጥብ የሚፈሰውን መሬት ሁሉ መክበብ ነው።

ይህ ሥራ በኮምፒዩተር ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ሆኖም መጀመሪያ በወረቀት ላይ ቢሠራ ይሻላል። የኮንቱር መስመሮች ወንዝን ሲያቋርጡ ጫፋቸው ወደ ላይኛው የወንዙ ራስ ይጠቁማል፤ ሸንተረርን ሲያቋርጡ ደግሞ ወደ ታች ያመለክታል። ይህን ለይቶ በእርሳስ ሸንተረሩን ተከትሎ የዞረ ተማሪ ኮምፒዩተሩ ወንዝን አቋርጦ የሚሄድ ወሰን ሲያወጣለት ወዲያው ይጠረጥራል። ስሕተቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ መውጫ ነጥቡ ከወንዙ መስመር አንድ ፒክስል ወጥቶ በመቀመጡ ነው፤ ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ የ400 ሄክታር ተፋሰስን ትቶ የአንዲት ቁራጭ ጠርዝ ብቻ ይሰጣል። በሜዳማ አካባቢ፣ ለምሳሌ በአዋሽ ሸለቆ ታችኛው ክፍል፣ የከፍታ ልዩነቱ ከመረጃው ስሕተት ስለሚያንስ የኮምፒዩተሩ ወንዝ ከእውነተኛው ወንዝ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

ወሰኑ ከታወቀ በኋላ የአፈር መሸርሸር ግምት ይሠራል። ሃንስ ሁርኒ ዓለም አቀፉን የአፈር መጥፋት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ሁኔታ አስማምተውታል፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም እንደ ማይባር፣ አንዲት ጥድና አንጀኒ ባሉ ጣቢያዎች የሰበሰበው ልኬት መሠረት ሆኗል። ቀመሩ ዝናብን፣ አፈርን፣ የዳገት ርዝመትና መጠንን፣ ሽፋንንና ጥበቃን ያባዛል። ለተማሪ መነገር ያለበት ቀመሩ ከማሳ ላይ በውኃ ታጥቦ የሚሄደውን አፈር እንጂ ቦረቦር የሚበላውን አለመቁጠሩ ነው። በቦረቦር በተቆራረጠ ተፋሰስ ላይ ካርታው አረንጓዴ ቢሆን መሬቱ ድኗል ማለት አይደለም።

የሳተላይት ምስልን ማንበብ

ጤናማ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ በብዛት ይመልሳል። ከኢንፍራሬዱ ቀዩን ቀንሶ ለሁለቱ ድምር በማካፈል የሚገኘው ኤንዲቪአይ የተባለ ቁጥር የዕፅዋትን ልምላሜ ያሳያል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ትርጉሙ ግን በአካባቢው ዕውቀት ላይ ይንጠለጠላል።

ሳተላይቱ ልምላሜን ያያል፤ የዛፉን ስም አይናገርም። የባሕር ዛፍ ተክልና የተፈጥሮ ደን ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። በካፋና በጅማ በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅል ቡና ከላይ ሲታይ ደን ይመስላል፤ የደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰት ጓሮም እንዲሁ ከዛፍ ጋር ይምታታል። በጣና ሐይቅ ላይ እምቦጭን በሳተላይት ለመከታተል ሲሞከር በዳርቻው ያለው ደንገልና ሌላው የውኃ ዳር ዕፅዋት ያሳስታል፤ እምቦጩ ራሱ በነፋስ ስለሚንሳፈፍም ያለፈው ሳምንት ካርታ ለዛሬ ነቀላ አያገለግልም።

የጊዜው ጉዳይ ደግሞ አለ። የመኸር ሰብል የሚያድገው በክረምት ሲሆን ክረምት ማለት ደመና ነው። ሴንቲኔል-2 በሁለት ሳተላይት በ5 ቀን አንዴ ቢመላለስም ከሰኔ እስከ መስከረም በደጋው ላይ ጥርት ያለ ምስል ማግኘት ያስቸግራል። በራዳር የሚሠራው ሴንቲኔል-1 ደመናን ያልፋል፤ ምስሉን ማንበብ ግን ሌላ ሥልጠና ይፈልጋል። ከምስሉ ጥራትም አንጻር ሩብ ሄክታር የሆነች ማሳ በላንድሳት 30 ሜትር ፒክስል ሦስት ፒክስል እንኳ አትሞላም። በሴንቲኔል-2 25 ፒክስል ትሆናለች፤ ዳር ዳር ያሉት ግን ከጎረቤት ማሳና ከድንበር ሣር ጋር ይቀላቀላሉ። ጤፍና ስንዴ ጎን ለጎን በተዘሩበት አገር ይህ ቀላል እንቅፋት አይደለም።

ስለዚህ ምደባው በመስክ ነጥቦች መመርመር አለበት። ሠልጣኞች ነጥብ እንዲሰበስቡ ሲላኩ መንገድ ዳር ያለውን ብቻ ይዘው የመመለስ ዝንባሌ አላቸው፤ መንገድ ዳር ደግሞ ሱቅ፣ ባሕር ዛፍና የተሻለ ማሳ ይበዛል። ነጥቦቹ በዕጣ መመረጥ አለባቸው፣ ለመድረስ ቢያደክምም። ውጤቱን በአንድ መቶኛ ብቻ መናገርም ያሳስታል። ከ100 ነጥቦች 90ው እርሻ፣ 10ሩ ደን ቢሆኑ ሁሉንም «እርሻ» ብሎ የመደበ ካርታ 90 በመቶ ትክክል ይባላል፤ ከደኑ ግን አንዱንም አላገኘም። ለየክፍሉ ምን ያህሉ እንደተገኘና ምን ያህሉ እንዳመለጠ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት የትምህርቱ አካል ነው።

የማሳ ስፋት ልኬት

በገጠር መሬት በጥማድ ይለካል፤ ጥማድ ማለት አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን በብዙ ቦታ ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል፤ መጠኑ ግን እንደ አፈሩና እንደ በሬው ይለያያል። የግብርና ናሙና ጥናቶች ማሳን ለረጅም ጊዜ በገመድና በኮምፓስ ሲለኩ ቆይተዋል። ዘዴው አድካሚ ቢሆንም በትንንሽ ማሳዎች ላይ እስካሁን እንደ ዋቢ ይቆጠራል።

ጂፒኤስ ይዞ የማሳን ዳር መዞር ፈጣን ነው። ስልክ በተገለጠ ሰማይ ሥር በ5 ሜትር ገደማ ሊሳሳት ይችላል፤ በዛፍ ሥርና በገደል አጠገብ ስሕተቱ ይጨምራል። 50 በ50 ሜትር የሆነች ማሳ በየጎኗ 3 ሜትር ወደ ውጭ ብትለካ ስፋቷ ከ2,500 ወደ 3,136 ካሬ ሜትር ያድጋል፣ ይህም ከ25 በመቶ በላይ ነው። 200 በ200 ሜትር ለሆነ ማሳ ያው ስሕተት 6 በመቶ ብቻ ያመጣል። በተግባር ስሕተቱ ግማሹ ወደ ውስጥ ግማሹ ወደ ውጭ ስለሚሆን ይህ የከፋው ሁኔታ ነው፤ ሆኖም የማዳበሪያና የዘር መጠን በስፋት ስለሚሰላ ለአነስተኛ ማሳ ባለቤት ልዩነቱ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። በየማዕዘኑ ትንሽ ቆሞ መለካትና ዙሪያውን ሁለት ጊዜ መዞር ስሕተቱን ይቀንሳል።

ቀንና ሰዓት

ከውጭ በመጡ የማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ የማይገኝ የኢትዮጵያ ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። የሳተላይት ምስል የሚመዘገበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን ገበሬው የዘራበትን ቀን የሚናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 2020 ነው፤ የወሩ ስም ለሁለቱም ስለሚያገለግል በቅጹ ላይ «ጥቅምት 10» ብቻ ተጽፎ ቢመጣ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አሥር ቀን በመስከረምና በጥቅምት የሰብሉን መልክ ይለውጣል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የተባለው በስልኩ 9 ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል፤ የጂፒኤስ ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ የግሪንዊችን ሰዓት ይመዘግባል፣ ያም ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ይዘገያል። ቅጹ ሲዘጋጅ አቆጣጠሩ ተለይቶ እንዲጻፍ ማድረግ በኋላ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሠልጣኞችና የአሰጣጥ ዘዴ

ሠልጣኞቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የወረዳ ባለሙያ ኮምፒዩተር ቢኖረውም የመስክ መጓጓዣ ላይኖረው ይችላል። የቀበሌ ልማት ሠራተኛ መሬቱን በእግሩ ያውቀዋል፤ በእጁ ያለው ግን ስልክ ብቻ ነው፤ ለእርሱ እንደ ኦዲኬና ኮቦ ያሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ቅጾች ይበልጥ ይጠቅሙታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሶፍትዌሩን ቶሎ ይለምዳል፤ መስክ ካልወጣ ግን የሚያየውን አረንጓዴ ቀለም ምን ብሎ እንደሚጠራው አያውቅም። በአንድ ክፍል ውስጥ የልማት ሠራተኛንና ተማሪን አጣምሮ ማስቀመጥ ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ሰዓት ይሻላል።

የአንድ ሳምንት ሥልጠና በተዘጋጀ የናሙና መረጃ ብቻ ከተሰጠ ሠልጣኙ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ ይቸገራል። በወረዳው ያለው መረጃ የተቀደደ ወረቀት ካርታ፣ ዞኑ ያልተጠቀሰ የጂፒኤስ ነጥብና የቀበሌ ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የሰፈረበት ሠንጠረዥ ነው። «ሐረማያ» እና «አለማያ» ለኮምፒዩተር ሁለት ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ሠልጣኞች የራሳቸውን ወረዳ የተዘበራረቀ መረጃ ይዘው እንዲመጡ ማድረግና በእርሱ ላይ መሥራት ይመረጣል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የሳተላይት ምስሉንና የሶፍትዌሩን መጫኛ በፍላሽ ቀድሞ ማዘጋጀትም ያስፈልጋል።

ከነዋሪው ጋር ካርታ መሥራት

በሁለተኛው ደረጃ የገጠር መሬት ምዝገባ የሠለጠኑ የአካባቢው ወጣቶች የታተመ የአየር ፎቶ ይዘው፣ ጎረቤታሞች በተገኙበት በማሳው ላይ እየዞሩ ወሰኑን በፎቶው ላይ አስምረዋል። ከዚያም ካርታው ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ተለጥፎ ስሕተት ያገኘ ሰው እንዲያስታርም ዕድል ተሰጥቷል። በዚህ አሠራር ፎቶው ድንበሩን ያሳያል፤ ድንበር መሆኑን የሚመሰክሩት ግን ሰዎቹ ናቸው። በወላይታ ሁምቦ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት የተመዘገበው 2,728 ሄክታር የደን ማገገሚያ ቦታም ክፍያ የሚያስገኘው በካርታ የተለየ ወሰን ስላለው ነው፤ ከወሰኑ ውጭ ያለ ዛፍ አይቆጠርም።

በአርብቶ አደር አካባቢ ጉዳዩ ይከብዳል። በቦረና ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች የሚከለለው ካሎ በሳተላይት ላይ ከሌላው ሣር አይለይም፤ በበጋ ብቻ የሚግጡበት ሜዳ በክረምት ምስል ላይ ማንም የማይጠቀምበት ይመስላል። ወሰኑም ቢሆን እንደ ዝናቡ ስለሚሸጋሸግ በቀጭን መስመር ማስፈር ራሱ የሌለውን ነገር መፍጠር ነው። ካርቶን በኮንቱር መስመር እየቆረጡና እየደራረቡ የመሬቱን ቅርጽ መሥራት፣ ከዚያም ሽማግሌዎችና ሴቶች ምንጩን፣ የማገዶ ቦታውንና የከብት መንገዱን በቀለምና በክር እንዲያመለክቱ ማድረግ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ውኃና እንጨት የሚቀዱበትንና የሚለቅሙበትን ቦታ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በትክክል ያመለክታሉ፤ ስብሰባው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው እነርሱ በማይመቻቸው ሰዓት ነው።

ሁሉም ነገር ወደ ካርታ መግባትም የለበትም። የብርቅ ዕፅዋትና የዱር እንስሳት ማደሪያ በትክክለኛ ኮኦርዲኔት ከታተመ ለቆራጭና ለአዳኝ መንገድ ይመራል። የግለሰብ ማሳ ነጥብ ከባለቤቱ ስምና ከስልክ ቁጥሩ ጋር በአንድ ፋይል ተቀምጦ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር የማይገባ ሰው እጅ ይገባል። ስሞቹን ለይቶ በሌላ ፋይል ማስቀመጥና ለሕዝብ በሚወጣው ካርታ ላይ ነጥቦቹን ወደ ቀበሌ ደረጃ ማጠቃለል የተለመደው ጥንቃቄ ነው።

በካርታው ጠርዝ ላይ ደግሞ ምስሉ የተነሣበት ቀን ከነአቆጣጠሩ፣ ዳተሙና ዞኑ፣ የፒክስሉ መጠን፣ የመስክ ነጥቦቹ ብዛትና የሠራው ክፍል ስም ይጻፋል። ሠልጣኙ ከወረዳው ቢዛወርም ተተኪው ካርታውን ከፍቶ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በዚህ ነው።